መሥሪያ ቤቱ «ሕጉ እንዲህ ማለት ነው» ካለ ፍርድ ቤት ይቀበለዋል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ደንበኛሽ ፈቃዱን እንዲያድሱለት ጠይቆ ተከልክሏል። የመሥሪያ ቤቱ ምክንያት «አዋጁን የምንረዳው እንዲህ ነው» የሚል ነው። አንቺ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ቼቭሮን የሚባለው መርህ ተሻረ ሲባል ሰምተሽ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስሄድ ልጥቀሰው?» ብለሻል።

መጥቀስ የሚከለክልሽ የለም፤ ግን ብዙም አይፈይድልሽም። የእነሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 እ.ኤ.አ. ቼቭሮን በሚባለው መዝገብ የሕጉ ቃል አሻሚ ከሆነና የመሥሪያ ቤቱ ትርጓሜ ምክንያታዊ ከሆነ ዳኛ የራሱን ትርጓሜ አይተካ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሎፐር ብራይት በሚባለው መዝገብ ያንን ሻረ። መዝገቡን የከፈቱት ሄሪንግ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ጀልባችን ላይ ለሚሳፈር ተቆጣጣሪ እኛ ለምን እንከፍላለን ብለው። ፍርድ ቤቱ የተደገፈው በ1946ቱ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕጋቸው ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚሻር ቼቭሮን አልነበረም። የእኛ ዳኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ ካዘነበለ «ሥራው የእነሱ ነው፣ እነሱ ያውቁታል» ከሚል ልማድ ነው። ልማድን ደግሞ በውጭ አገር ፍርድ አትረቺውም፤ የምትረቺው በወረቀት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የእምቢታ ደብዳቤውን አውጪ። እኔ የያዝኩት አንድ ጉዳይ ላይ ደብዳቤው ሦስት መስመር ነበር፦ «በመመሪያው መሠረት ጥያቄዎን ለማስተናገድ የምንቸገር መሆኑን እንገልጻለን።» ቲተርና ፊርማ አለው፤ የመመሪያው ቁጥርም፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ አንቀጹም ግን የለም። የትኛው መመሪያ እንደሆነ በጽሑፍ ጠየቅን፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርገን ቀን የተጻፈበትን ቅጂ ያዝን። ከብዙ ምልልስ በኋላ የሰጡን የውስጥ ሰርኩላር ፎቶኮፒ ነው። በፌደራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት መመሪያ ካልተመዘገበና ድረ ገጽ ላይ ካልተጫነ ተፈጻሚ አይሆንም (መዝጋቢው ያኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበር፣ ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር)። ስለ አዋጁ ቃል ያዘጋጀሁት ረጅም ክርክር ሳይነካ ቀረ፤ ዳኛው ነገረ ፈጁን «ተመዝግቧል?» ብለው ጠየቁት፣ መልስ አልነበረውም።

ውሳኔው ተሽሮ እንደገና እንዲታይ ተመለሰ። ይሄን ለደንበኛሽ ከወዲሁ ንገሪው፤ ፈቃዱን ዳኛው የሚሰጡት ይመስለዋል። በ1183 የሚቀርበው ክለሳ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ውሳኔው ሕግን መከተሉን ያያል እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ወንበር አይቀመጥም። መሥሪያ ቤቱም በተሻለ ምክንያት ደግሞ እምቢ ሊል ይችላል።

ሰርኩላር ሳይሆን በትክክል የተመዘገበ መመሪያ ካለስ? ያኔ ክርክሩ በእርግጥም ወደ ትርጓሜ ይሄዳል። አንቀጹን ብቻ ነጥለሽ አታንብቢ፤ ቃላት ከሚተረጎሙበት ክፍልና ከአዋጁ መግቢያ ጋር አያይዘሽ አንብቢው። መመሪያው አዋጁ ያልጠየቀውን ቅድመ ሁኔታ ጨምሮ ከሆነ ዋናው ነጥብሽ እሱ ነው። ሐተታ ዘምክንያቱን (ከረቂቅ ሕጉ ጋር የሚቀርበውን ማብራሪያ) ካገኘሽ ደግሞ እሰየው፤ ሕግ አውጪው ምን ችግር ሊፈታ እንደፈለገ ከዚያ በላይ የሚናገርልሽ የለም። ከሁሉ በፊት ግን የሰበር ቅጾችን (የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ጥራዞች) አገላብጪ። በፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 (ቀድሞ በ454/1997) ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በነጥብሽ ላይ የሰበር ውሳኔ ካለ የመሥሪያ ቤቱ አረዳድ ሚዛን አይደፋም። ውሳኔው በአንቺ ላይ ከሆነም አሁኑኑ ማወቅ ይሻልሻል።

አጻጻፉ ላይ ደግሞ አደራ። ልደታ ዙሪያ ያሉ ጸሐፊ ቤቶች የለመዱት «ደንበኛዬ ከፍተኛ በደል ደርሶባቸዋል» የሚል ሁለት ገጽ መግቢያ አለ፤ ዳኛ እሱን ሲያነብ ይደክመዋል። በመደበኛ ይግባኝ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ ቁጥር 337 መልስ ሰጪው ሳይጠራ «አያስቀርብም» ተብሎ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ከታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስትሄጂ ደግሞ የሚፈቀደው የሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። «ማስረጃችን በአግባቡ አልተመዘነም» ብለሽ ከጻፍሽ የፍሬ ነገር ክርክር ነው ይሉሻል። «ሕጉ የማይጠይቀውን ማስረጃ እንድናቀርብ ተገደድን» ካልሽ ግን ያው ጉዳይ የሕግ ጥያቄ ሆነ። እውነት ሆኖ ሲገኝ ነው እንግዲህ፤ አስመስሎ የተጻፈውን ዳኞቹ ወዲያው ይለዩታል።

አንድ ያልነገርሽን ነገር አለ፦ ደንበኛሽ እዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ አቅርቦ ነበር? ካላቀረበ ከሳሽ ከመሆንሽ በፊት እሱን ጨርሺ፤ መጀመሪያ የሚነሳብሽ መቃወሚያ ያ ነው። የደብዳቤውን ፎቶ ስሙን ሸፍነሽ እዚህ ብትለጥፊው የተጠቀሰውን አንቀጽ አብረን እናየዋለን።