የመመለሻ በረራዎ ስንት ሰዓት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት ወደ ዛንዚባር እንሄዳለን። ከዋናው ደሴት በጀልባ የሚኬድባት ምኔምባ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እዚያ ዳይቪንግ (የአየር ታንክ ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ለማድረግ ሁለት ቀን ተመዝግበናል። ችግሩ አውሮፕላን ሲያርፍ ጆሮዬን በጣም ያመኛል። ጉንፋን ከያዘኝም ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ስለነበር እሱን ጀምሬያለሁ። ለብ ያለ ዘይት ጆሮ ውስጥ ቢጨመር ውሃ አያስገባም ብለውኛል። የትኛውን የጆሮ ጠብታ ይመክሩኛል? በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ እንበራለን፣ ስለዚህ ቶሎ የሚሠራ ቢሆን ጥሩ ነው። አክስቴ በልጅነቷ ጆሮዋ መግል ይዞ መስማት ተስኗት ቀርታለች። (ሰ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ጠብታ ነው። የሚያስፈራዎት ግን መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት የአክስትዎ ነገር መሰለኝ። ከእሷ ልጀምር።

እህቴ፣ የእርስዎ ጆሮ የአክስትዎ ጆሮ አይደለም። እሳቸውን የጎዳቸው ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን ይመስላል። የእርስዎ ሕመም የአየር ግፊት ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ። ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ነው። አውሮፕላኑ ሲወርድ የውጭው ግፊት ይጨምራል። ቱቦው በጉንፋን ካበጠ አየር አያሳልፍም፣ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። በጣም ያማል፣ ግን በዚህ የተነሳ የሚደነቁር ሰው እምብዛም የለም። ታምቡሩ ቢቀደድ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይድናል።

ባሕር ውስጥ ግን ግፊቱ ቶሎ ይጨምራል። 10 ሜትር ሲወርዱ ውሃው ላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ መውረድ እንደጀመሩ፣ ገና ሳያምዎት፣ አፍንጫዎን ይዘው ቀስ አድርገው ይንፉ። ካልተከፈተ ትንሽ ወደ ላይ ይውጡና እንደገና ይሞክሩ። እምቢ ካለ ለዚያ ቀን ይብቃዎት። በኃይል መንፋት የውስጥ ጆሮን ይጎዳል። ከወጡ በኋላ ከዞረብዎ ወይም አንዱ ጆሮ ድንገት መስማት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት።

ዘይቱን ለወጥ ያቆዩት። ችግሩ ከታምቡሩ ጀርባ ነው፣ ዘይትም ሆነ ጠብታ እዚያ አይደርስም።

አሞክሳሲሊኑ ግን አናዶኛል። ከማን የተረፈ ነው? ለምን በሽታ ታዞ? ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሦስት ሳምንት የቆየ ደግሞ ሳይነስ ወይም አለርጂ ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ሆቴል ለመምረጥ ጊዜ ያገኘ ሰው ለሐኪም ጊዜ አጣሁ ቢለኝ አልቀበልም። በዚህ ሳምንት የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አፍንጫ የሚከፍት ስፕሬይ ነፍተው ልጥለቅ እንዳይሉ። ውሃ ውስጥ እያሉ ኃይሉ ሊያልቅ ይችላል፣ ያኔ ሲወጡ አየሩ መውጫ ያጣል። ጉንፋኑ ካልለቀቀዎት አይጠልቁም። አለቀ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እርስዎ እግረ መንገድዎን የነገሩኝ ነው። ጠዋት ጠልቀው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይበራሉ? አይሆንም።

ጥልቀት ላይ ከታንክ የሚተነፍሱት አየር ናይትሮጂን አለው። ግፊቱ ናይትሮጂኑን ደምና ሥጋ ውስጥ ያሟሟዋል። ቀስ ብለው ሲወጡ በትንፋሽ ይወጣል፣ ግን ሁሉም በአንዴ አይወጣም። የተረፈው ለመውጣት ሰዓታት ይፈልጋል። በመሃል አውሮፕላን ውስጥ ከገቡ ግፊቱ ይቀንስና ክዳኑ እንደተከፈተ አምቦ ውሃ አረፋ ይሠራል። ያ አረፋ መገጣጠሚያ ላይ፣ ሲብስም ነርቭ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

የዳይቪንግ ሐኪሞች ምክር ይታወቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። እኔ ለአዲስ አበባ ሰው 24 ሰዓት እላለሁ። በበረራ ላይ የአውሮፕላኑ ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ዱባይ የሚያርፍ ሰው ሲወርድ ግፊቱ ይመለስለታል። ቦሌ ግን ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላኑ ቢያርፍም ሰውነትዎ አያርፍም።

«ብዙ አልጠለቅንም»፣ «ውሃ በደንብ ጠጥቻለሁ»፣ «ባለቤቴ ስፖርተኛ ነው» እንዳይሉኝ። አንዱም ዋስትና አይሆንም። ከጠለቁ በኋላ ባሉት ሰዓታት ትከሻ፣ ክርን ወይም ጉልበት ካመመዎት፣ እጅ እግር ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ከዞረብዎ፣ ሽንት እምቢ ካለ፣ «ታንኩ ከብዶኝ ነው» ብለው ዲክሎፌናክ ውጠው እንዳይተኙ። በጀርባዎ ይጋደሙ፣ ኦክስጅን በጭንብል ይሰጥዎ፣ አውሮፕላን አይሳፈሩ። ሕክምናው ልዩ የግፊት ክፍል ውስጥ ነው፣ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል። ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት «ኦክስጅን ይዛችኋል?» ብለው ይጠይቁ። የለም ካሉ ሌላ ድርጅት ይፈልጉ።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ዳይቪንጉን ወደ መጀመሪያዎቹ ቀናት ያምጡት፣ የመጨረሻውን ቀን ለስኖርክሊንግ ይተዉት። ውሃው ላይ ተንሳፍፈው በቱቦ የሚተነፍሱት ተራ አየር ነው፣ በዚያው ቀን ቢበሩም ችግር የለውም። ዋና ካልቻሉ የሕይወት አድን ጃኬት ሳይለብሱ አይግቡ። ሲሄዱ ግን በርረው ቢጠልቁ ለናይትሮጂኑ ግድ የለም።

ቢጫ ካርድዎን ይያዙ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ይጠየቃል፣ ካልተከተቡም ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ይከተቡ። ወባ እዚያ ብዙ ባይሆንም አለ፣ አጎበር አይናቁ። ከተመለሱ በኋላ ካተኮሰዎት ይመርመሩ።

አንድ ነገር ደግሞ። የዳይቪንግ ድርጅቱ የጤና ፎርም ያስሞላዎታል፣ ስለ ጆሮ፣ ስለ ሳይነስ፣ ስለ አስም፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ይጠይቃል። ገንዘቤ ይቀልጣል ብለው ሁሉንም «የለብኝም» እንዳይሉ። የአንገት በላይ ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ፎርሙን አስቀድመው አስልከው ይዘውት ይሂዱ።