ለሚስገበገብ ውሻ ምን ይደረግ?

ጥያቄው ከቱሉ ዲምቱ የመጣ ነው። «ቦቢ የሚባል ሁለት ዓመት የሆነው የጀርመን ክልስ ውሻ አለን። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ግቢ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። እኔ ከሥራ የምገባው 12 ሰዓት ላይ ስለሆነ የሚበላውም ያኔ ነው፣ በቀን አንዴ። የተረፈ እንጀራ በመረቅ አርሼ በር ላይ አስቀምጥለታለሁ። ዞር ሳልል ጨርሶ ሳህኑን ይልሳል። ትን ይለዋል፤ አንዳንዴ የበላውን እንዳለ ይመልስና እንደገና ይበላዋል። ጎረቤቴ ‹እየበላ ሳህኑን እየነጠቅሽ አስለምጂው› አለችኝ። ምን ላድርግ?»

ከጎረቤትዎ ምክር ልጀምር፦ ሳህኑን አይንጠቁት። ምግቡን የሚቀማው ሰው እንዳለ ያወቀ ውሻ የባሰ ይፈጥናል፤ ሲቆይ ደግሞ ሳህኑ ላይ ማጉረምረም፣ ቀጥሎም መንከስ ይጀምራል። የሚነከሰው ብዙ ጊዜ የነጠቀው ሳይሆን በአጠገቡ ያለፈው ልጅ ነው። (የውሻ ንክሻ ከደረሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በወራጅ ውሃ አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው፤ የራስ ውሻ ነው ተብሎ አይታለፍም።)

ውሻ እንደ በሬ የሚያመነዥክ እንስሳ አይደለም። ጥርሱ መቦጨቂያና መቁረጫ ነው፤ ጉሮሮው ካሳለፈው ይውጠዋል። በመረቅ የራሰ እንጀራ ደግሞ ጭራሽ ጥርስ አይፈልግም፣ እንደ ውሃ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቦቢን ማላመጥ ልናስተምረው አንችልም። የምንችለው ጉርሻውን ማሳነስ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የሚያስቸኩለውን ነገር ከላዩ ላይ ማንሳት።

ቤት ለቤት ስሠራ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲገጥመኝ ቀድሜ የማየው ሳህኑ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። በከተማው ዳር ያለ ግቢ ብዙ ጊዜ አጥሩም በሩም ቆርቆሮ ነው፣ ከሥሩም ክፍተት አለው። ውሻው የሚታሰረው እዚያ፣ የሚበላውም እዚያ። የእንጀራው ሽታ እንደወጣ የሰፈሩ ውሾች በክፍተቱ አፍንጫቸውን ይሰዳሉ፤ መሸት ሲል ጅቡም ከሜዳው ይጮኻል። ሰዎች «ሆዳም ነው» ይሉታል እንጂ ውሻው የሚበላው እንደ ዘረፋ ነው፣ ሳይደርሱበት ለመጨረስ። ሳህኑን ወደ ጓሮ ይውሰዱት፣ ከበሩ የማይታይ ቦታ። ሁለት ውሻ ያላችሁም እንደዚሁ ለየብቻ፣ አንዱ የሌላውን ሳህን በማያይበት ቦታ አብሏቸው። ሳህን ሳይቀየር፣ በዚህ ብቻ የረጋ ብዙ ውሻ አይቻለሁ።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ቦቢ 24 ሰዓት ጠብቆ ነው የሚበላው፤ እንዴት አይስገበገብ? ምግቡን አይጨምሩለት፣ ያንኑ ይክፈሉት። የእኔ ምርጫ ሁለት እጁን ጠዋት ከመውጣትዎ በፊት፣ አንድ እጁን ማታ መስጠት ነው። ጠዋት ይብዛ የምልበት ምክንያት ከቦቢ አዋዋል ጋር ይያያዛል። አሁን የአንድ ቀን ምግቡን በአንድ ትንፋሽ ይውጥና ወዲያው ከሰንሰለት ተፈቶ ግቢውን እየሮጠ ይዞራል። ከደብዳቤዎ ውስጥ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ ትን ማለቱን ያህል እንኳ አላሳሰበኝም።

የጀርመን ዝርያ ደረተ ጥልቅ ነው። እንዲህ ያሉ ትላልቅ ውሾች ሲስገበገቡ ከምግቡ ጋር አየር ይውጣሉ፤ ጨጓራው ይነፋል፣ አንዳንዴም በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ከተጠመዘዘ መግቢያውም መውጫውም ይታሰራል፣ ደምም ይቋረጣል። በጎርጎርሳውያኑ 2000 ዓ.ም. የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1,600 በላይ ትላልቅ ውሾችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ፈጥኖ መብላት ለዚህ አደጋ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ሳህንን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥም እንዲሁ፤ ስለዚህ «አንገቱን እንዳያጎነብስ» ብላችሁ በብሎኬት ላይ የምታስቀምጡ፣ አውርዱት።

ምልክቱን ቤት ያለ ሁሉ ይወቀው፦ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ይሆናል፣ ለማስመለስ ይታገላል ግን ከለሃጭ በቀር ምንም አይወጣለትም፣ መተኛትም መቆምም ያቅተዋል፣ ድዱ ይነጣል። ይህን ካያችሁ ኑግም ዘይትም አታጠጡት፣ እስኪነጋም አትጠብቁ። በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ነው። ለቱሉ ዲምቱ ሰው የፍጥነት መንገዱ ደጁ ላይ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው። ግን እዚያም ሆነ በቅርብ ያለ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ሌሊት ማን እንደሚቀበላችሁ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ ስልኩን ያዙ። ቦቢም የማታውን በልቶ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት ሳይፈታ ይረፍ፤ 12 ሰዓት ከበላ 2 ሰዓት ላይ ይለቀቅ።

አሁን ወደ ሳህኑ። ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ያንኑ ምግብ ጎድጓዳ ሳህን ትተው ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርገው ቢለቀልቁት በአንዴ የሚዝቀው ነገር ያጣል። ወይም ሰፊ ሳፋ መሐል ከባድ የብረት ድስት ደፍተው ምግቡን ዙሪያውን ይበትኑ፤ ዙሪያውን እየዞረ በምላሱ ነው የሚለቅመው። አሎሎ ድንጋይም ይሠራል፣ ግን ከአፉ በጣም የሚበልጥና ለስላሳ ይሁን፤ ትንሽ ድንጋይ ይውጣል፣ ሻካራው ጥርስ ይሰብራል። መሐሉ ቀዳዳ ያለው የኬክ መጋገሪያ ከሁሉም ይሻላል (የባለቤቴን ወስጄ ሞክሬው ውጤቱ ጥሩ ነበር፣ ከውሻው በኩል)። ደረቅ ምግብ የምትሰጡ ደግሞ ንጹሕ ሲሚንቶ ላይ በትኑለት፣ ወይም ክዳኑና የአንገቱ ቀለበት በወጣ ሃይላንድ ውስጥ ጨምራችሁ እያንከባለለ ያውጣው። ፕላስቲኩን መብላት ከጀመረ ግን ያንሱበት።

እንጀራውንም አያርሱት። ደረቅ እንዳለ በትንንሹ ቆራርጠው ከተቀቀለ ሩዝና ከሥጋ ጋር ቢቀላቅሉት ይሻላል። መረቁ ከወጥ የተረፈ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቅር፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ መቀቀሉም ጉዳቱን አያጠፋውም። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ መርፌ ነው፤ ለሚስገበገብ ውሻ በፍጹም። ሳንባና ጉበት ከሥጋ ቤት የምታመጡ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን ጥሬ ሳንባ የበላ ውሻ ትል ያፈራል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይሻገራል።

ስለ ትል ካነሳን፣ ሁሌ የሚርበውና ግን የማይፋፋ ውሻ ሆዱ ውስጥ ተካፋይ ሊኖረው ይችላል። ቦቢ መድኃኒት ከወሰደ ከሦስት ወር በላይ ከሆነው አስመዝነው ይስጡት፤ ልኩ በክብደቱ ስለሆነ በግምት አይሆንም።

በጾም ወራት ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ቤተሰቡ እስከ 9 ሰዓት እሳት አያነድም፣ ውሻውም ሳይወድ በግድ አብሮ ይጾማል። ከዚያ የፋሲካ ዕለት የበግ አጥንትና አንጀት በሳፋ ይደፋለታል። የበዓል ማግስት ስልኬ አያርፍም። ሁዳዴ ሲገባ ለእሱ የሚሆን ሩዝና እንቁላል ለብቻ ይቀመጥ፤ ሰዓቱም አይለወጥበት።

መመለሱን በተመለከተ፣ እንጀራው ቅርጹን ሳይለቅ በልቶ እንደጨረሰ ያለ ትግል ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ የጥድፊያው ውጤት ነው፤ መልሶ መብላቱ ያስጠላል እንጂ አይጎዳውም። ሆዱ እየተኮማተረ ቢጫ ውሃ የሚያወጣ ከሆነ፣ ደም ካለበት ወይም እየከሳ ከሄደ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ዛሬ ሳህኑን ከማስቀየርዎ በፊት በስልክዎ ሰዓት ይያዙለት። ቦታውን፣ ሰዓቱንና ሳህኑን ቀይረው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩት። ያኔም የሚመልስ ከሆነ ሲበላም ሲመልስም በቪዲዮ ይቅረጹትና ይዘውት ይምጡ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ጨዋ ስለሚሆን በዓይኔ ላየው አልችልም።