ለሸክላ ስቱዲዮዋ እህት፦ ኪልን (የሸክላ መተኮሻ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ከመግዛትሽ በፊት የህንጻውን ቮልት አስለኪ

«ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የሸክላ ስቱዲዮ ልከፍት ነው፣ እንደ ጃፓኖቹ፣ ምንም የማይባክንበት፣ ከምን ልጀምር» ላልሽው እህቴ። እኔ ቨርጂኒያ ስከፍት የሚነግረኝ አጥቼ ስለተቃጠልኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. ኪልን ያገለገለ ግዢ፣ በአዲስ ገንዘብሽን አትጨርሺ። ግን አደራ! እኔ ከአንዲት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ቤት በርካሽ አገኘሁና እየፈነደቅኩ የተከራየሁት ሱቅ አስገባሁት (አንቺም ሱቅ ነው የምትከራዪው መቼም)። የመጀመሪያውን ቃጠሎ በሰላም ጨረሰልኝ፣ ግሌዝ (ሸክላውን እንደ መስታወት የሚያለብሰው ቅብ) ላይ ስንደርስ ግን ኮን 6 የሚባለው የሙቀት ልክ ላይ አልደርስም አለ። 16 ሰዓት ነደደ፣ በቀዳዳው ሳይ ኮኗ (ሙቀቱ ልኩ ሲደርስ የምትጎብጠው ትንሽ ሾጣጣ) ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ንቅንቅ የለም። ኤለመንቱ (የኪልኑ ማሞቂያ ጥቅልል) አርጅቶ ነው ብዬ ሙሉውን ቀየርኩ፣ ያው። አንድ ሙሉ ኪልን ኩባያ ግሌዙ እንደ ኖራ ሻክሮ ወጣ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት። በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ፣ ለክቶ ሳቀብኝ። ህንጻው 208 ቮልት፣ ኪልኑ 240! መኖሪያ ቤት 240 ነው፣ የንግድ ህንጻ ግን ብዙ ጊዜ 208 ነው፣ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ሩብ ያህል ኃይል ይበላብሻል። የ208 ኤለመንት አዘዝኩ፣ እሱ ደግሞ ብዙ አምፒር ስለሚስብ የ60 አምፒር ብሬከሩ (የመብራት ማቋረጫው) በ70 ይቀየር፣ የህንጻው ሽቦም ይቀየር ተባለ፣ ሽቦ ከተነካ ደግሞ ፐርሚት (ፈቃድ) ማውጣት ግድ ነው።

2. ፐርሚት... ኧረ ተዪኝ። የፈቃድ ቢሮው መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ «ኪልን» ስላት «ፒዛ ነው?» አለችኝ። ምግብ የለም እላታለሁ፣ ምድጃ ካለ የኩሽና ፎርም ነው ትለኛለች። ሁለቴ መለሰችኝ። በሶስተኛው ጀበናዬን ይዤ ሄጄ ፊቷ አስቀመጥኩትና «የምጋግረው ይሄን ነው» አልኳት። «ውይ ሲያምር፣ ስንት ነው?» ብላ ትክክለኛውን ፎርም ሰጠችኝ። አልሸጥኩላትም።

3. የጃፓኑን በተመለከተ የእንጨት ምድጃቸውን፣ አናጋማ የሚሉትን፣ እርሺው፣ ለቀናት ሌት ተቀን እንጨት ሲበላ ነው የሚከርመው፣ ጎረቤትሽም ፖሊስ ይጠራብሻል። ታዋቂው የጃፓን ሸክላ ሰሪ ሀማዳ ሾጂ በፈረንጆቹ 1924 ማሺኮ የሚባል የሸክላ መንደር ሲገባ እኮ የተጠቀመው የዛውን መንደር ጭቃ፣ የዛውን ድንጋይና የሩዝ ገለፈት አመድ ነው። እኔም ለግሌዝ የጎረቤቴን ፋየርፕሌስ አመድ ነው የምሰበስበው፣ ጓንት አድርጊ፣ ሲረጥብ ቆዳ ይልጣል፣ እኔን ልጦኛል። ኮን 6 ላይ አመድ ብቻውን ስለማይበቃ ፍሪት (ቀልጦ የተፈጨ መስታወት) ጨምሪበት። ፍርፋሪ ጭቃ እንዳትጥዪ፣ ውሃ ውስጥ አሟሙተሽ መልሰሽ ትሠሪበታለሽ፣ ግን መጀመሪያ ድርቅ ይበል፣ ከነእርጥቡ ውሃ ውስጥ ብትከቺው አይሟሟልሽም። ወለሉን ደግሞ በደረቅ እንዳትጠርጊ፣ አቧራው ሳንባ ይገድላል፣ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ።

ሀማዳን አገሩ በፈረንጆቹ 1955 የሀገር ቅርስ ሰው ብሎ ሾመው። እኔ ሸክላ ሰሪ ልሆን ነው ብዬ ለእናቴ ስነግራት «ቡዳ ሊሉሽ ነው?» ብላ አንድ ወር ኮርፋለች። አሁን በኔ ጀበና እያፈላች እንኳን ለጎረቤት «ልጄ ዲዛይነር ናት» ነው የምትለው፣ ሸክላ ሰሪ ከአፏ አይወጣም።

ለማንኛውም ኪልን ካገኘሽ ከመክፈልሽ በፊት ጎኑ ላይ ያለችውን የብረት ጽሁፍ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ ቮልቱንና ፌዙን (የመብራት መስመሩን ዓይነት) አይቼ እነግርሻለሁ።