መልስ፦ ለገሃር ባቡር ጣቢያ የተሠራው በ1909 ነው ወይስ በ1922?

ሕንፃው የ1922 ዓ.ም. ነው። 1909ም ግን ስህተት አይደለም፤ የሌላ ነገር ቀን ነው።

ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ። ዛሬ ፊት ለፊቱ ቆመው የሚያዩት ባለ ሰዓቱ ቢጫ ሕንፃ ግን ከ12 ዓመት በላይ ቆይቶ ኅዳር 1922 ነው የተመረቀው። ስለዚህ ጽሑፍዎ ላይ «ባቡሩ በ1909 ገባ፣ ጣቢያው በ1922 ተመረቀ» ብለው ሁለቱንም ያስቀምጡ።

አደባባዩ ላይ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም የሕንፃው አካል አይደለም። የቆመው በ1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን ዋዜማ ነው። ጣሊያን ዘርፎ ሮም ወስዶት ነበር፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ይህን ታሪክ እባክዎ አይዝለሉት። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ አንበሳ ጋርም እንዳይምታታብዎ፤ እሱ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙ ጽሑፍ ላይ ቀኑ የሚበላሸው ከፈረንጅ ዘመን ሲመለስ ነው። ሁሉንም በጅምላ 7 ወይም 8 መቀነስ አያስኬድም።

1. ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ከሆነ 7 ይቀንሱ፦ የፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1929 የኛ 1922 ነው።
2. ከፈረንጆቹ ጥር እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8፦ የፈረንጆቹ ሰኔ 1917 የኛ 1909 ነው።

«1910» እና «1921» የሚሉ ጽሑፎች ካጋጠሙዎት፣ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።