ሳልነሣ እንዴት እደርሳለሁ?

ጥያቄ፦ በመጪው ጥር ከቶኪዮ ወደ ሎስ አንጀለስ እበራለሁ። ትኬቴ ላይ የመነሻ ሰዓቴ 17፡00፣ የመድረሻ ሰዓቴ ግን የዚያው ዕለት 10፡00 ነው። ስመለስ ደግሞ 12፡00 ተነሥቼ በማግሥቱ 17፡00 እደርሳለሁ ይላል። ስሕተት ይኖረው ይሆን? መንገዱስ በእርግጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ትኬትዎ ስሕተት የለበትም። ግራ ያጋባዎት እያንዳንዱ ሰዓት የተጻፈው በየከተማው የአካባቢ ሰዓት መሆኑ ነው። በጥር ቶኪዮ ሎስ አንጀለስን በ17 ሰዓት ትቀድማለች፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉባቸው ወራት ልዩነቱ 16 ይሆናል። እንግዲህ እርስዎ 17፡00 ላይ ከቶኪዮ ሲነሡ ሎስ አንጀለስ ያ ዕለት ገና በእኩለ ሌሊት መጀመሩ ስለሆነ፣ 10፡00 ላይ ሲደርሱ የተጓዙት 10 ሰዓት ነው። በመልሱ ሲነሡ ቶኪዮ የማግሥቱ 05፡00 ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ 17፡00 ድረስ 12 ሰዓት አለ።

ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ የሁለት ሰዓት ልዩነት የሚያመጣው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሠግሥ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ብርቱ የአየር ጅረት አለ። (እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ ይህን ነፋስ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦኢሺ ግኝቱን ያሳተመው ኤስፔራንቶ በተባለው፣ ጥቂቶች ብቻ በሚያውቁት ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስለነበር፣ ብዙ አንባቢ አለማግኘቱ አያስገርምም።) በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መንገድ ወደ 8,800 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ርቀቱን በ9 ሰዓት ገደማ ይጨርሳል፤ ያው ነፋስ ከፊት ቢመጣበት 11 ሰዓት ይፈጅበታል። ለመነሣት፣ ለማረፍና መሬት ላይ ለመንዳት የሚያልፈው ጊዜ ሲጨመርበት የትኬትዎ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ አየር መንገዶች የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነውና።

ርቀቱን በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ለመለካት ግን አይሞክሩ። ሁለቱ ከተሞች ከምድር ወገብ እኩል ሊባል በሚችል ርቀት ላይ ስለሚገኙ ቀጥታ ወደ ምሥራቅ መብረር አጭሩ መንገድ ይመስላል፤ በዚያ መሥመር የሚሄድ ሰው ግን 500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝምበታል። ሉል ካገኙ ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው ክር ወጥረው ይመልከቱ፦ ክሩ በራሱ ወደ ሰሜን ይወጣና ፓስፊክ ውቅያኖስን ከተሻገረ በኋላ ተመልሶ ይወርዳል። ሲሄዱ ከመቀመጫዎ ፊት ባለው ስክሪን የሚያዩት ጎባጣ መሥመር ከዚህ ክር ብዙም አይርቅም። ሲመለሱ ግን አብራሪዎቹ የፊት ነፋሱን ለመሸሽ ሲሉ አጭሩን መንገድ ሊተዉት ስለሚችሉ፣ መሥመሩ ሌላ ቦታ ሲያልፍ ቢያዩት አይደናገጡ።