«በዜማ ከተረጋጋች መንፈስ አለባት ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ሐኪም የመርሳት በሽታ ነው ብሎናል። አመሻሽ ላይ «ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች በር በሩን ትላለች። መዝሙር ስከፍትላት ግን ቁጭ ትላለች። የልጅነቷን የአምባሰል ዜማ ሳንጎራጉርላትማ ፈገግ ትላለች። ጎረቤታችን ግን «በዜማ የሚለቃት መንፈስ ቢሆን ነው፤ ሳኦልም እንዲህ ነበር። መድኃኒቱን ተዪው» አለችኝ። እውነት ነው? ደግሞስ በዐቢይ ጾም ከበሮ ያለበት መዝሙር ልከፍትላት እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ነገር ከደሴም ከኮምቦልቻም ስንት ጊዜ ሰማሁት መሰለሽ። ሰው አርጅቶ ሲረሳና በዜማ ሲረጋጋ፣ ወዲያው የሳኦል ታሪክ ይጠቀስበታል። ቤተሰቡም ደንግጦ እናቱን መፍራት ይጀምራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ፍርሃት ነው።

ዳዊት በገና ሲመታ ሳኦል ያርፍ ነበር፤ ክፉው መንፈስም ይርቅለት ነበር (1ኛ ሳሙኤል 16፥23)። እውነት ነው። ግን መጽሐፉ የነገረን የሳኦልን ነገር ነው። በዜማ የሚያርፍ ሁሉ ሳኦል ነው አላለም። ነቢዩ ኤልሳዕን አስቢው። ሦስት ነገሥታት ውኃ አጥተው ወደ እርሱ ሲመጡ በእስራኤል ንጉሥ ተቆጥቶ ነበር። ያን ጊዜ «ባለ በገና አምጡልኝ» አለ። በገናው ሲደረደር የእግዚአብሔር እጅ በላዩ መጣች (2ኛ ነገሥት 3፥15)። ታዲያ ኤልሳዕም መንፈስ ነበረበት ልንል ነው?

የእናትሽ ሕመም የአንጎል ሕመም ነው። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የቅርቡን ቀድሞ ይወስዳል። ከልጅነት ጀምሮ የተዜመ ዜማ ግን ከሌላው ትዝታ ዘግይቶ ነው የሚሄደው። የልጇን ስም የረሳች እናት መዝሙሩን እስከ ጫፍ የምታደርሰው ለዚህ ነው።

አንድ አረጋዊ መሪጌታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጆቻቸውን አያውቁም። እኔንም አላወቁኝም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማዜም ጀመርኩ። ጣታቸው ብርድ ልብሱን መታ መታ ማድረግ ጀመረ፤ መቋሚያ እንደያዘ ሰው። አንድ ቦታ ላይ ዕዝል በሚባለው የዜማ ስልት የሚዜመውን በሌላ ስልት አዜምኩት። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ «ተው፣ እሱ ዕዝል ነው!» ብለው ገሠጹኝና ራሳቸው ቀጠሉት። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታለቅስ ነበር።

ጠበል አትውሰጃት አላልኩሽም፤ ውሰጃት። መድኃኒቷን አስቁመሽ ግን አይሆንም። ለባለ መድኃኒት ክብር ስጥ፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል የሚለው ሲራክ ነው (ምዕራፍ 38)። ዜማው ያረጋጋታል እንጂ በሽታውን አያጠፋውም፤ ይህንንም እወቂ። ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰባት «መንፈሱ ተነሣባት» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። የሽንት ኢንፌክሽን እንኳ አረጋውያንን እንዲህ ያደርጋል። ቶሎ ሐኪም ይያት።

የጾሙን ባጭሩ ልመልስልሽ። ከበሮና ጸናጽል የሚያርፉት በቤተ ክርስቲያን የአገልግሎት ሥርዓት ነው። አንዲትን በሽተኛ ለማስጨነቅ የተሠራ ሕግ አይደለም። ቢሆንም በገና አለልሽ፤ የጾም ወዳጅ ነው፣ ድምፁም ለአመሻሽ ይስማማል። ብቻ ብዙዎቹ የበገና መዝሙሮች ስለ ሞት ስለሆኑ፣ ካስለቀሳት ቀይሪላት።

ስለ አምባሰሉ እንድቆጣሽ የጠበቅሽ ይመስለኛል። ለዝሙትና ለስካር በሚጠራ ዘፈን ላይ ያለኝን አቋም ታውቂዋለሽ፤ ዛሬም አልተውኩትም። እናትሽን ፈገግ የሚያሰኛት ግን ያሳደጋት አገር ዜማ ነው። አትንጠቂያት። መዝሙሩን አስቀድሚ፣ ሌላውን በእናትነቷ ተዪላት።

«ቤቴ ውሰዱኝ» እስክትል አትጠብቂ። 11 ሰዓት ገደማ፣ ገና ሳትረበሽ ጀምሪላት። ቴሌቪዥኑን አጥፊው፤ ሁለት ድምፅ ግራ ያጋባታል። በስልክ ከሆነ መሀል ላይ ማስታወቂያ እየገባ እንዳያስደነግጣት ቀድመሽ አውርጂው። ዝግ አድርገሽ ክፈቺው። ፊቷን እያየሽ ሁኚ፤ ግንባሯ ከተቋጠረ ወይ ነጠላዋን ጭምድድ አድርጋ ከያዘች አጥፊው። ከሁሉም የሚሻለው ግን እጇን ይዘሽ ራስሽ ብትዘምሪላት ነው። ድምፄ አያምርም አትበዪ። ያ ድምፅ እሹሩሩ እያለች ያሳደገችው ነው።

ስትረሳሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ኢሳይያስ እናት ልጇን ትረሳ ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሽም የሚለውን የጌታን ቃል ጽፎልናል (49፥15)። ይህ ቃል ለአንቺም ለእርሷም ነው። ሲራክም አባትህ አእምሮው ቢጎድል እንኳ ታገሠው ይላል (3፥13)። ደክሞሽ ብትነጫነጪባት ግን ተስፋ አትቁረጪ። ወንድም እኅቶችሽን ተራ አስገቢያቸው።

ቅዳሜ ደሴ ነኝ። አመሻሽ ላይ ቤታችሁ እመጣለሁ። የትኛውን መዝሙር እንደምትወድ ቀድመሽ ንገሪኝ። ጎረቤታችሁንም ጥሪያት፤ አብራን ትዘምር።