መጽሐፍ ቅዱስን ማን መረጠው ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ልጆች

ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ላከልኝ። አንድ ጎረምሳ ካሜራ ፊት ቆሞ የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ኒቂያ ላይ ጳጳሳቱን ሰብስቦ የትኛው ወንጌል ይግባ የትኛው ይውጣ እያለ እጅ እንዳስወጣ፣ የተሸነፉትንም መጻሕፍት እንዳቃጠለ ይናገራል፣ ከስሩ ኮመንቱ ለጉድ ነው፣ ግማሹ ይሳደባል ግማሹ አሜን ይላል። ልጁ የጻፈልኝ አንድ መስመር ብቻ ነች፦ «አጎቴ ይሄ እውነት ከሆነ እኛ እስካሁን የምናነበው ምንድነው?» እኔ ተኝቼ ስለነበር ያየሁት ጠዋት ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ፣ ስለዚህ ለሱ ብቻ ከምመልስ ለእናንተ ለእኩዮቹም ልጻፈው አልኩ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም የነገረ መለኮት ምሩቅም አይደለሁም። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሠራሁት ብራና ላይ ነው፣ መጽሐፉን እየገለጡ ምን እንደሆነ መመዝገብ፣ ቅጠሉን መቁጠር፣ የጎደለውን መጻፍ፣ ለማይክሮፊልም ማዘጋጀት። ስለዚህ የምነግራችሁ እንደ አንድ የመጽሐፍ ሠራተኛ ነው። ዓመቶቹን ደግሞ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፣ እንዳትምታቱ።

ቪዲዮው ውሸት ነው። በ325 ኒቂያ ላይ አባቶች የተሰበሰቡት በዋናነት ወልድ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ጉዳይ ነው፣ ከዛ የፋሲካ ቀን ነገር አለ፣ የካህናት ሥርዓት አለ፣ በግሪክኛ የቆዩልን የጉባኤው ቀኖናዎች 20 ናቸው፣ ሃያውንም ብታነቡ የመጻሕፍት ዝርዝር የሚባል ነገር የለም። ቆስጠንጢኖስ ያደረገው ነገር አለ፣ ለቂሳርያው ጳጳስና የቤተክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ለአውሳብዮስ ጽፎ ለአዲሲቷ ከተማ ለቁስጥንጥንያ አብያተ ክርስቲያናት 50 መጽሐፍ ቅዱስ አስገልብጥልኝ ብሎታል። ማስገልበጥና መምረጥ ግን ለየቅል ነው፣ እኔ እድሜ ልኬን ያስመዘገብኩትን መጽሐፍ አንዱንም አልመረጥኩም።

እና ማን መረጠው? እኔ ብዙ ቆይቼ የገባኝ ጥያቄው ራሱ እንደሚያሳስት ነው። «መረጠው» ስንል አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቀን፣ ማህተም የያዘ አንድ ሰውዬ ነው የሚታየን። በሐቅ ያለው ግን ንባብ ነው። ሰዎቹ እሁድ እሁድ ተሰብስበው ያነቡት ነበር፣ የዚህኛው ከተማ ምእመን ለዛኛው እየገለበጠ ይልክለት ነበር፣ ዝርዝሩ የመጣው ከንባቡ በኋላ ነው። ለዛውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጠብ ሲነሳ ነው። በ144 አካባቢ ሮም ላይ ማርቅዮን የሚባል ሰው ብሉይን እንዳለ ጥሎ፣ ከወንጌል ሉቃስን ብቻ እሱንም ቆራርጦ፣ ከጳውሎስ አሥር መልእክት ይዞ ይሄ ይበቃል አለ፣ ቤተክርስቲያንም አባረረችው፣ ከዛ በኋላ ነው ሌሎቹ «ቆይ እኛ የምንይዘው ስንት ነው?» ብለው አጥብቀው መጠየቅ የጀመሩት። በ180 አካባቢ የልዮኑ ጳጳስ ሄሬኔዎስ ወንጌል አራት ነው፣ ከዛ አይበልጥም አያንስም ብሎ ይከራከራል።

በጣም የምወዳት ታሪክ የሰራፕዮን ነች። በ200 አካባቢ የአንጾኪያ ጳጳስ ነበር፣ ሮሶስ የምትባል ከተማ ምእመናን «የጴጥሮስ ወንጌል» የሚባል ነገር እናንብብ ወይ ብለው ጠየቁት፣ እሱም ሳያነበው «ጠባችሁ ይሄ ብቻ ከሆነ አንብቡ» አላቸው! በኋላ መጽሐፉን አግኝቶ ሲያነበው አብዛኛው ደህና ሆኖ የተጨመረበት ነገር አገኘና ፈቃዱን ሰረዘ። ይሄን የጻፈልን አውሳብዮስ ነው። እንግዲህ ቀኖና የሚባለው ነገር ሲሠራ እንዲህ ነበር የሚሠራው፣ አንድ ሽማግሌ ጳጳስ ተሳስቶ፣ አንብቦ፣ ተመልሶ ደብዳቤ እየጻፈ። (ቀኖና ሲባል እኛ ሀገር ቶሎ ትዝ የሚለን የንስሐ አባት የሚያዝዘው ስግደት ነው አይደል? በግሪክኛው ግን መለኪያ ዘንግ ማለት ነው።)

ደግሞ ሁሉም አብሮ አልገባም። ዕብራውያን፣ ያዕቆብ፣ 2ኛ ጴጥሮስ፣ ይሁዳ፣ ራእይ፣ እነዚህ አንዱ ጋ ሲነበቡ ሌላው ጋ ሲጠረጠሩ ብዙ ዘመን ቆይተዋል፣ ፐሺታ የሚባለው የጥንቱ የሶርያ ትርጉም አዲስ ኪዳኑ 22 መጽሐፍ ብቻ ነው ያለው። በተቃራኒው ደግሞ በአራተኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የብራና መጽሐፍ ቅዱስ፣ ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚሉት፣ ከራእይ ቀጥሎ የበርናባስን መልእክትና የሄርማስን «እረኛ» ይዟል። ሄርማስ ላይ ቆም በሉ። ሙሉ በሙሉ ራእይ ነው፣ አየሁ ተነገረኝ ነው፣ በጣም ይወደድ ነበር። የሙራቶሪ ዝርዝር የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ግን ግለሰብ ቢያነበው ደግ ነው፣ በጉባኤ መሐል ግን አይነበብ ይላል፣ ምክንያቱም በቅርብ፣ በኛ ዘመን ነው የተጻፈው። አያችሁ፣ ራእይ አየሁ ማለት ያኔም ብቻውን አልበቃም። ዛሬ ማይክ የጨበጠ ሁሉ ጌታ ነገረኝ ሲላችሁ ይቺን ዝርዝር አስታውሱልኝ።

አሁን ወደ ቤታችን። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚቀበላቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ሳይጨምር ሳይቀንስ ዘርዝሮ የምናገኘው የመጀመሪያው ሰው አትናቴዎስ ነው፣ የእስክንድርያው፣ በ367 በጻፈው የፋሲካ ደብዳቤ። ማነው አትናቴዎስ? አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን ነዋ! ያው አትናቴዎስ በዛችው ደብዳቤ፣ በቅብጡ ቅጂ እንደምናነበው፣ በሄኖክ ስም የሚዞሩትን መጻሕፍት ይነቅፋል፣ ከሙሴ በፊት መጽሐፍ ሳይኖር የሄኖክ ናቸው ብሎ የዋሁን ሰው ማን አሳመነው ነው የሚለው። እና መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቃ እዚህ ያደረሰች ማን ነች? አትናቴዎስ ጳጳስ የሾመላት ቤተክርስቲያን! ይሄን መጀመሪያ የተረዳሁ ቀን ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ።

ግን እኛ ከአየር አላመጣነውም። የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ላይ ሄኖክን በስም ጠርቶ ይጠቅሰዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ሦስት ቅጂ ይዞ እስኪገባ ድረስ ፈረንጆቹ ቁርጥራጭ እንጂ ሙሉውን አያውቁትም ነበር፣ አንዳንዱም የግዕዙን ጥንታዊነት ይጠራጠር ነበር። ከ1947 ጀምሮ ሙት ባሕር አጠገብ ኩምራን ዋሻዎች ውስጥ የተገኙት ጥቅልሎች መሐል የሄኖክ ቁርጥራጭ በአራማይክ፣ የኩፋሌ ደግሞ በዕብራይስጥ ወጣ፣ ክርክሩም ተዘጋ። ልብ በሉ፣ የተዘጋው የጥንታዊነቱ ክርክር ነው። ጥንታዊ ነው ማለት እግዚአብሔር ተናግሮታል ማለት አይደለም፣ ፌስቡክ ላይ ወገኖቼ ኦርቶዶክሶች ይሄን ሲያምታቱት ያናድደኛል።

የራሴንም ስህተት ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ ወፍራም ብራና መጣልኝ፣ ኢዮብ አለው፣ ዳንኤል አለው፣ ሄኖክ አለው፣ ሌሎቹ የሉም። እኔ ጎበዙ የመመዝገቢያ ካርዱ ላይ «ጎዶሎ» ብዬ ጻፍኩ። አብረውን የሚሠሩ አንድ መሪጌታ ካርዱን አንስተው አዩና «የቱ ጋ ነው የጎደለው?» አሉኝ። ኢሳይያስ የለም ኤርምያስ የለም ስል «መጀመሪያው አለ፣ መጨረሻው አለ፣ ጥራዙ አልተበጠሰ፣ ጎዶሎው ያንተ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የታተመው መጽሐፍ ነው እንጂ ይሄማ ሙሉ ነው» ብለው ካርዱን መለሱልኝ። ልክ ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱስን በአንድ ሽፋን ማየት ያስለመደን ማተሚያ ቤት ነው፣ ብራና ላይ ሁሉንም ልጠርዝ ብትሉ የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚፈጅ አስቡት፣ ተሸካሚም ያስፈልገዋል። ደብሩ ያለው ወንጌል ነው፣ ዳዊት ነው፣ ኦሪት ነው፣ ለየብቻ። ስለዚህ «ስንት ናቸው?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዛሬው አያስጨንቅም ነበር።

ለዛም ይመስለኛል የኛ የኦርቶዶክሶቹ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት ቁጥሩ ጸንቶ አቆጣጠሩ ሁለት የሆነው። አንደኛው ብሉይን 46 አድርጎ አዲስ ኪዳን ውስጥ ሲኖዶስ፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ የሚባሉትን የሥርዓት መጻሕፍት ጨምሮ 35 ያደርሳል፣ ሌላኛው አዲሱን 27 ላይ አቁሞ ብሉዩን 54 ያደርጋል፣ ሁለቱም ሲደመሩ 81! ይሄን ስነግራቸው የሚደነግጡ ልጆች አሉ። ምን ያስደነግጣል? አትናቴዎስ ራሱ አስቴርን ከቀኖናው ውጪ፣ ለንባብ ብቻ ከሚሆኑት ተርታ ነው ያስቀመጣት፣ ዛሬ ዝርዝሩን እንዳለ የሚከተል ማን አለ? ቤተ እስራኤሎችም ኦሪት የሚሏት መጽሐፋቸው ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት አልፋ ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን ይዛ ነው የኖረችው፣ እስራኤል ሲገቡ የጠበቃቸው ደግሞ የረቢዎቹ የ24ቱ መጻሕፍት አቆጣጠር ነው።

የፕሮቴስታንቱን 66ና የኦርቶዶክሱን 81 ጭቅጭቃችሁን እያየሁ የሚገርመኝ ይሄው ነው። አንዱ ጨመራችሁ ይላል፣ አንዱ ቀነሳችሁ ይላል፣ ሁለቱም ግን ድሮ አንድ ቦታ የተቆለፈ አንድ ሙሉ ዝርዝር ነበር ብለው ነው የሚነሱት። አልነበረም። የአይሁድ 24ቱ ከፕሮቴስታንቱ 39 የብሉይ መጻሕፍት ጋር አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ነው የሚለየው። በግሪክኛ ሲያነቡ የነበሩት ክርስቲያኖች ደግሞ ከዛ የሰፋ ነበር በእጃቸው ያለው። ሉተር በ1534 ባሳተመው እነ ዮዲትን እነ ጦቢትን አልጣላቸውም፣ ለብቻቸው አድርጎ በብሉይና በአዲሱ መሐል አስቀመጣቸው፣ ካቶሊኮች በ1546 ትሬንት ጉባኤ ላይ ከቀኖና ናቸው ብለው ቆረጡ። ከዛ የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1826 ለእነዚህ መጻሕፍት ኅትመት ገንዘብ አላወጣም ብሎ ወሰነ፣ ሙሉውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ያሳተመው ያው ማኅበር ነው። እንግዲህ ከጉባኤ በላይ አንዳንዴ የማተሚያ በጀት ይወስናል ብዬ ብናገር ሰይጣን ነው አትበሉኝ።

አሁን ዋናው፣ ልጁ ሊጠይቀኝ የፈለገው። የእግዚአብሔር ቃል ነው ወይስ አይደለም? እኔ አምናለሁ። ግን ማመኔ ከካርዶቼ አልመጣም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አብሮኝ የሠራ ምንም የማያምን ጓደኛ ነበረኝ፣ በዘመን፣ በፊደል ቅርጽ፣ በቅጂ ልዩነት አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም። የአባ ገሪማ ወንጌል ላይ የካርቦን ምርመራ ሲደረግ አንደኛው ጥራዝ ከ390 እስከ 570 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ተባለ፣ ሁለታችንም እኩል ተደሰትን። ላብራቶሪው የቆዳውን እድሜ ተናገረ፣ ማን እንደተናገረበት ግን አልተናገረም። ስለዚህ ታሪኩን አትፍሩት፣ የማይችለውንም አታሸክሙት።

ጥቅሱን ግን በደንብ አንብቡ። 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 በቆየው አማርኛችን «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ለትምህርትና ለተግሣጽ... ይጠቅማል» ነው የሚለው፣ «መጽሐፍ ሁሉ የእግዚአብሔር መንፈስ አለበት» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፣ ግሪክኛው ሁለቱንም ይፈቅዳል። የትኞቹ መጻሕፍት እንደሆኑ ደግሞ ጥቅሱ አይዘረዝርም፣ ጢሞቴዎስ ከሕፃንነቱ ያወቃቸው ቅዱሳን መጻሕፍት ብሉያት ናቸው፣ አዲሱ ገና እየተጻፈ ነው።

ደግሞ መንፈስ ነዳቸው ማለት እንደ ቴፕ ቀዱ ማለት አይመስለኝም። ሉቃስ ሲጀምር ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትዬ ነው የምጽፍልህ ይላል፣ ራእይ አየሁ አላለም፣ ሥራውን ነው የነገረን። ኤርምያስ 36ን ደግሞ ለሙያዬ ስል አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ኤርምያስ እየተናገረ ባሮክ በቀለም ይጽፋል፣ ንጉሡ ጥቅልሉን በካራ እየቆረጠ እሳት ውስጥ ይጥለዋል፣ እነሱ ቁጭ ብለው እንደገና ይጽፉታል፣ እንደዚያ ያለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት ይላል። የመጀመሪያው ቅጂ አመድ ሆኗል፣ በእጃችን ያለው ሁለተኛው ነው፣ የተጨመረበት። ይሄን መጽሐፉ ራሱ አልደበቀውም፣ እኛ ምን አስደበቀን?

ይሄን ሁሉ ለእህቴ ልጅ በስልክ ነገርኩት፣ ሰዓት ሊሞላን ምንም አልቀረም። መጨረሻ ላይ ያቺኑ 2ኛ ጢሞቴዎስን አንድ ምዕራፍ አሳልፌ 4፥13ን አነበብኩለት፣ ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ በጢሮአዳ ከአክርጳ ዘንድ የተውኩትን በርኖስ ስትመጣ አምጣልኝ፣ መጻሕፍቱንም፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን ይላል። እኔ ያነበብኩለት ስለ ብራናው ነበር፣ ደስ ስለሚለኝ። ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ «አጎቴ፣ በርኖሱስ? እሱም የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት ነው?» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።